ሦስተኛው ልመና

ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ግብዣ አይበላም። በመጀመሪያው ግብዣ የሚበላ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ጣሊያናዊ።

ለዚህ ታሪክ ያሉኝ ምንጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የማስታወሻ ደብተሬ ሲሆን፣ የወይራ ዘይት ስለ ፈሰሰበት ከምሳ በኋላ ያለው ገጽ አይነበብም። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ጥሩነሽ ናት፤ እርሷ ግን ራሷን የምትቆጥረው እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ዳኛ ነው። ሦስተኛው የራሴ ትዝታ ነው... እርሱን፣ አንባቢዬ ሆይ፣ በጥንቃቄ ይያዙልኝ።

ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገችው ልጃችን ሕሊና፣ ማርኮ የሚባል የሲዬና ከተማ ልጅ ልታገባ ነውና እናቱን ሲኞራ ሉቺያን ለመተዋወቅ ከምንኖርበት ከኒው ሆፕ ጣሊያን ድረስ ሄድን። አውሮፕላን ውስጥ ባለቤቴ አስጠነቀቀችኝ።

«ሆዳም እንዳትባል። ልጅቷን የሚመዝኗት በአንተ ነው።»

ሲኞራ ሉቺያ ጠዋት ቤታቸው ተቀብለውን የለውዝ ኬክ አቀረቡ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ኖ፣ ግራትሲዬ» ብዬ በቋንቋቸው አመስግኜ እምቢ አልሁና ሁለተኛውን ልመና መጠባበቅ ጀመርሁ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ሳህኑን አነሡት። አነሡት ስልዎት... ጓዳ ይዘውት ገቡ።

ከዚያ ለጉብኝት ወጣን። የሲዬና አደባባይ እንደ ሰፌድ ወደ መሀል የጎደጎደ ነው፤ ሰዉ ጡቡ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ካቴድራሉ ጥቁርና ነጭ እብነ በረድ እየተፈራረቀ የተደረደረበት ድንቅ ሥራ ነው፤ በዚያ ሰዓት ለእኔ የታየኝ ግን ቸኮሌትና ክሬም ነበር። አደባባዩ ዳር ያለውን ረጅም ማማም ወጣን። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ እግር ግን ይፈራል፣ በተለይ ባዶ ሆድ ተሸክሞ። የደረጃው ቁጥር ደብተሬ ላይ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሰፍሯል።

ለምሳ ወደ ሲኞራ ሉቺያ ቤት ስንመለስ ከልጅነቴ የማውቀው ፓስታ በስጎ እየጨሰ ቀረበ።

«ጠግቤአለሁ» አልሁ። ማርኮ ተረጎመ። ሲኞራ ሉቺያ አዘኑልኝ እንጂ አልለመኑኝም። ሆዴን የታመምሁ መስሏቸው የአበባ ሻይ አፈሉልኝ።

«ዳድ፣ ጀስት ሴይ የስ» አለች ሕሊና።

«አንዴ ብቻ ተጠይቄ?»

«እዚህ እኮ ኖ ማለት ኖ ነው።»

ባለቤቴ ሁለተኛ ሳህኗን እያጋመሰች ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ።

«አንቺስ ይሉኝታሽ የት ሄደ?» አልኋት በሹክሹክታ።

«የሴትዮዋን እጅ ካልቀመስሁ ንቀት ይሆንብኛል።»

ከሰዓት በኋላ ተለወጥሁ። አይስክሬም ቤት በራፍ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ በጣሊያንኛ እሺ፣ «ሲ» አልሁ። ሦስት ጊዜ «ሲ» ብዬ ሦስት ዓይነት በላሁ። ቀጥሎ የተጠበሰ ዳቦ በቲማቲም መጣ፤ ዘይቱ ደብተሬን ያገኘው ያኔ ነው። ዳግመኛ በይሉኝታ ላልራብ፣ ሌላውንም ላላስርብ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ባለፈው ወር ሲኞራ ሉቺያ በተራቸው ኒው ሆፕ መጡ። ባለቤቴ የበግ ወጥ ሠርታ ነበር። ድስቱን ይዤ ወደ ሳህናቸው ጎንበስ ስል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ኖ፣ ግራትሲዬ።»

እኔ የሠለጠንሁ ሰው ነኝ። ፈገግ ብዬ ድስቱን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

ሕሊና ጥቂት ቆይታ ተከትላኝ መጣች። «አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው? እስከ ሦስተኛው ልመና እምቢ እንድትል እኔ ነኝ ያስተማርኋት! መንገዱን ሙሉ ፕራክቲስ አድርጋለች። ደግሞ ርቧታል።»

ድስቱን ይዤ በሩጫ ተመለስሁ። ሁለተኛ ለመንኋቸው፤ እምቢ አሉ፣ ዓይናቸው ግን ከወጡ ላይ አልተነሣም። ሦስተኛ «በሞቴ» አልኋቸው። በሉ፤ ደግመውም በሉ። የሠርጉም ቀን እዚያው ማዕዱ ላይ ተቆረጠ።

እስከ ዛሬ ያልተረጋገጠ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ድስቱ ከጓዳ ሲመለስ ትልቁ ጎድን ጎድሎ ነበር። ባለቤቴ፣ ማንም ሳይለምነኝ ቆሜ የበላሁት እኔ ነኝ ትላለች።

እኔ አላስታውስም።