የከፍታ ሥራ አሠልጣኙ

እንደኔ ያለ የከፍታ ሥራ አሠልጣኝ ኮልፌ አላየችም! ሁላችንም ጓድ በነበርንበት ዘመን፣ «ቀበቷችሁን እሰሩ! ወደ ታች አትዩ!» ስል ወፎች እንኳ አደብ ይገዙ ነበር።

አንድ ቀን የመብራት ሠራተኞቹ «ጓድ አሠልጣኝ፣ እርስዎ ቀድመው ካልወጡ አንወጣም» ብለው አደሙብኝ። ሥልጠናዬ ሊፈርስ ነው! ምን ላድርግ? የማንሻው መኪና ቅርጫት ውስጥ ገባሁ፤ ቀበቶዬን አሰርኩ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ። ሞተሩ ሲያጓራ ቅርጫቱ ተንቀጠቀጠ። አሠልጣኝ ዝም ይላል እንዴ?

«ይኸው አስኮ ታየኝ! ኧረ ነፋሱ! እናንተ ብትሆኑ ወድቃችሁ ነበር!»

«ጓድ» አለኝ ሾፌሩ፣ «ሞተሩን እያሞቅኩ ነው፤ ገና አላነሳሁዎትም።»

ወረድኩ። ያን ቀን ማንም አልወጣም። ምን ልደብቃችሁ? ከፍታ እፈራለሁ፤ አልጋ ላይ እንኳ የምተኛው በግድግዳው በኩል ነው፤ ዳር የምትተኛው ባለቤቴ ናት።