ጃተኒ የፈረንጅን አገር የከፈሉ ዕለት

ሽማግሌው ጃተኒ ትናንት ቀትር ላይ ከግራር ሥር ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸውና ዓለም ተገልብጣ አዩ። እኚህ የቦረና ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጎሳውን ጉድጓድ ውሃ በወረፋ ሲያድሉ የኖሩ ናቸው። ኋላ ግን ፈረንጆች መጥተው የድንበር ድንጋይ ተከሉ፤ ጉድጓዱም ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ፣ በእነሱ ግዛት ቀረ።

በሕልማቸው ጉድጓዱ እንደ ጥንቱ በእሳቸው እጅ ነበር። ፈረንጁ አገረ ገዢ በባዶ እግሩ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ ከጥጆች ኋላ ተሰልፏል።

«ስምህ ማነው?» አሉት።

ነገራቸው። ረጅም ስም ነበር።

«ይሄ ለአፍ አይመችም። ከዛሬ ጀምሮ ቦሩ ነህ።»

«እሺ ጌታዬ» አለና ተንበርክኮ ጠጣ።

ወዲያው ፈረንጆች አገር ደረሱ። በረዶ ይወርዳል። በየመንገዱ ጠመንጃ አንግበው የቆሙት በሬዎች ናቸው። ዳኛዋ ላም እያመሰኳች በትር አቀበለቻቸው።

«አባታችን፣ እነዚህ ሰዎች በሥርዓት መኖር አያውቁም። አገራቸውን ይክፈሉላቸው።»

«የት ላይ?»

«እጅዎ በሄደበት።»

ጃተኒ ደስ አላቸው። በትሩን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ሄዱ። መስመሩ የመቃብር ቦታውን ሰነጠቀ። ከዚያ አንድ ቤት ገባና እናትን ከወዲህ፣ ሕፃኗን ከወዲያ አስቀረ። እናቲቱ ጡቷን ይዛ ወደ ልጇ ዘንበል ስትል አንድ በሬ ቀንዱን ደቀነባት።

«ፈቃድሽን አሳዪ!»

«ልጄን ላጠባ ነው እኮ!»

«ልጅሽ የባዕድ አገር ሰው ነው።»

ጃተኒ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ እምቢ አላቸው። የፈረንጅ ሕፃን ለቅሶ ከቦረና ሕፃን ለቅሶ አይለይም ነበር። መስመሩን በእግራቸው ሊደመስሱት ታገሉ። ባሹት ቁጥር ጠለቀ፤ ገደል ሆነ።

«አጥፉልኝ! እኔ የማድለው ውሃ ነው እንጂ ሰው አይደለም!» ብለው ጮኹ።

«አባ ሊበን! ኧረ ይነሡ፣ አባ ሊበን!»

ባለቤታቸው ሎኮ ነበረች። ፊቷን ነጭታዋለች።

«ልጃችን ሊበን ማለዳ ከብቶቹን ሊያጠጣ ድንጋዩን ተሻግሮ ነበር። ወታደሮቹ ገደሉት።»

ጃተኒ ግራሩን ተደግፈው ቆሙ።

«ሬሳው የታለ? ልጄን አምጡልኝ!»

«ቀበሩት። ከድንጋዩ ወዲህ ሆነን የእኛ ነው እያልን ብንጮህ፣ ወገን የሌለው ሬሳ ነው አሉን።»