ደጋን የተቀበሩት ጣቶች

ሰውን የሌለው ነገር ሊያመው እንደሚችል ያወቅሁት ግራ እግሬን ከጉልበት በታች ካጣሁ በኋላ ነው። እግሩ የለም፤ ማሳከኩ ግን አለ። ለጎረቤት ብትነግሩት «ሐሳብ ነው» ይላችኋል፤ ለሐኪም ብትነግሩት አንጎልና የተቆረጠው ነርቭ ገና እንዳልተለያዩ በትዕግሥት ያስረዳችኋል። ሁለቱም ግን አያኩላችሁም።

እንግዲህ እኔን የመሰለ፣ ከፒያሳ ካፌ ወንበር ሌላ ስፖርት የማያውቅ ሰው፣ እዚሁ ደሴ አካላቸውን ላጡ ሰዎች በሚሰጥ የዮጋ ትምህርት የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዮጋ ስላችሁ እግርን አጥፎ ከአንገት ማሳለፍ እንዳይመስላችሁ፤ የምናሳልፈውስ ከየት መጥቶ? የእኛ በዝግታ መተንፈስ፣ ትከሻን ማላላት፣ ሚዛን መጠበቅ ነው። የቀረው ምንጣፍ ላይ መጋደም ነው፤ እሱ እንኳ ማንንም አያቅተውም።

ከእኛ መካከል ጋሽ ሰይድ የሚመጡት ከደጋን በሚኒባስ ነው። ቀኝ እግራቸውን ስኳር በሽታ ወስዶባቸዋል። የተቆረጠውን እግር የልጃቸው ባል ይማም በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ደጋን መቃብር ቦታ ቀበረው፤ በእኛ አገር ከሰው የተለየ አካል አይጣልም፣ አፈር ይለብሳል። ታዲያ ከዚያ ወዲህ የዚያ የሌለ እግር ጣቶች እየተጣመሙ፣ እየተቆላለፉ እንቅልፍ ነሷቸው። የሰፈሩ ሰው ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ይማም ሲቀብር ጣቶቹን አጣሟቸዋል! ጋሽ ሰይድ «ቆፍረህ አቅናልኝ» አሉ። ይማም መቃብር መንካት ፈራ። ሁለት ወር ሙሉ ተኳረፉ፤ በአባቷና በባሏ መካከል የምትመላለሰው ልጅ ከሳች።

አንድ ረቡዕ ተጋድመን ዓይናችንን እንደጨፈንን፣ አስተማሪያችን ሐና «አሁን የሁለቱንም እግሮቻችሁን ጣቶች በሐሳባችሁ ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉ» አለች።

«የኔዋ ደጋን ናት፤ ከዚህ ይደረስባታል እንዴ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ይሞክሩት አባባ» አለች ሐና፣ ሳትስቅ።

እኛ ግን ሳቅን። ከዚያ የጋሽ ሰይድ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይተው «ያ ረቢ! ትልቁ ጣት ተፈታ» አሉ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ተከተሉ። ዞር ብዬ ሳይ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

እንደጨረስን እዚያው በር ላይ ይማም ጋ ደወሉ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልካቸው ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው።

«ይማም፣ አውፍ በለኝ። በድዬሃለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።»

«ተሻለዎት አይደል? አልሐምዱሊላህ!» አለ ይማም። «አብሽሩ አባባ፣ ትናንት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሄጄ ቆፍሬ አቀናኋቸው። ወላሂ፣ ተጣመው ነበር!»

ጋሽ ሰይድ ስልኩን ዘግተው ትክ ብለው አዩኝ። ውስጥ ሐና ደስ ብሏት ምንጣፎቹን ትጠቀልላለች።

«ለአስተማሪያችን እንዳትነግራት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ታዲያ ከእንግዲህ አይመጡም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«እንዴት አልመጣ! እንደገና የተጣመመ እንደሆን፣ ያን ምስኪን ልጅ በየሳምንቱ ላስቆፍረው ነው?»