ጋቢ የለበሰ ስኖው

«ስኖው ደስ ይለኛል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፤ ወይ አፓርትመንት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ወይ ሚስቱ ናት የምትጠርገው። ሦስተኛ የለም! እኔም አፓርትመንት እያለሁ ደስ ይለኝ ነበር። በረዶውን በመስኮት እያየሁ «እንዴት ያምራል፣ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል» እል ነበር። እዚህ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ ሰፈር ቤት የገዛን ዕለት ጥጡ ድንጋይ ሆነ።

ቤት ስትገዙ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ስለ ሞርጌጁ ይነግሯችኋል፣ ስለ ቤት ማሞቂያው ስለ ፈርነሱ ይነግሯችኋል... «ደጅህ ላይ ከሰማይ የወረደው ሁሉ ያንተ ነው» የሚል ግን የለም። እኔ ደግሞ የራሴ ፍልስፍና አለኝ። ያወረደው ያንሳው! ይህንን ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ብነግራት፣ «እሱማ ያነሳዋል፤ በግንቦት» አለችና አካፋውን አስጨበጠችኝ።

ያኔ ነው የወገብ በሽታዬ የጀመረው። የኔ ወገብ ጉደኛ ነው፤ ከቲቪው የአየር ትንበያ ቀድሞ ያውቃል። ስኖው ሊጥል ሲል ቁርጥ! ስኖው ሲጠረግ ልቅቅ! ጥሩወርቅ ጠርጋ ስትገባ «ውይ፣ አሁን ሻል አለኝ» ብዬ ተነስቼ ሻይ አፈላላታለሁ። ደግ ሰው ነኝ እኮ።

አሁን ወደ ጤና አዳሙ ልምጣላችሁ። ጓሯችን ውስጥ የጥሩወርቅ ጤና አዳም ነበር። ዘሩን እናቷ ናቸው በመንገደኛ የላኩት፣ በርበሬ ውስጥ ተሸሽጎ። ጥሩወርቅ ከበርበሬው ለቅማ እያስነጠሳት ተከለችው። በቀለ። በቀለ ብቻ? ገነነ እንጂ! ከማርልቦሮ እስከ ሞንተሬይ ፓርክ ያለ ሐበሻ ቡናው ላይ ጣል የሚያደርጋት፣ አይቡ ላይ የሚበትናት ቅጠል ከኛ ጓሮ ነበር የምትቀጠፈው። ስልክ ሲደወል «እንደምን አደራችሁ» ቀረ፤ «ጤና አዳም አለ?» ሆነ ሰላምታው። አማቴ እንኳ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ሲልኩ መጀመሪያ ስለ ልጃቸው ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ ስለ ጤና አዳሙ፣ ካሴቱ ሊያልቅ ክር ክር ሲል ደግሞ፣ «ያ ሰውዬስ ደህና ነው?»

ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ ጥሩወርቅ፣ «ስማ፣ ብርዱ ሳይመጣ ጤና አዳሙን ነቅለህ ባልዲ ውስጥ ትከልና ታች ቤዝመንት አስገባልኝ» አለችኝ።

«እሺ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

እናንተው ታውቁታላችሁ። «ነገ» እኛ ዘንድ ቀን አይደለም፤ ጸባይ ነው።

በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ያገሬ ሰው። የካልጋሪ ጥቅምት ግን አንድ አካፋ ነው የሚለው። አንድ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ... ጓሮ የለም! አጥሩ ባርኔጣ ደፍቷል፣ የቲማቲሙ ድጋፍ እንጨት ጫፉ ብቻ እንደ ሰመጠ ሰው ጣት ብቅ ብሏል። ጤና አዳሙ የነበረበት ቦታ ለጥ ያለ ነጭ ሜዳ ሆኗል። ጥሩወርቅ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። አልጮኸችም። ወንድሞቼ፣ ሚስት ስትጮህ ሰላም ነው፤ ዝም ስትል ነው ሻንጣችሁ የት እንዳለ ማስታወስ ያለባችሁ።

«ጤና አዳሙን አስገብተኸዋል አይደል?»

ወገቤን ያዝኩ።

«ወገብህን ተወውና መልስልኝ!»

«ነገ ላስገባው እያልኩ...»

«ይሁን» አለች ረጋ ብላ። «ከሞተ ለእማዬ ካሴቱን የምትቀዳው አንተ ነህ። በገዛ ድምፅህ።»

እዚህ ላይ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ሲናደዱ አይሳደቡም፤ ይመርቃሉ። «እግዜር ልቦና ይስጥህ» ካሉኝ ሰፈሩ ሁሉ ልቦና እንደሌለኝ ያውቃል። እሳቸው ፊት፣ ያውም በካሴት፣ ያውም ጎረቤት ተሰብስቦ በሚሰማው ካሴት፣ «ጤና አዳሙን ገደልኩት» ከምል እዚያው ስኖው ውስጥ ብቀበር ይሻለኛል።

ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። አጥር ማዶ ጡረታ የወጣ የዩክሬን ሽማግሌ ጎረቤት አለኝ፤ ስሙ ስቲቭ ነው። ዕድሜው የአባቴ ስለሆነ «ስቲቭ» ብዬ መጥራት ነውር መስሎ ስለታየኝ «ጋሽ ስቲቭ» እለዋለሁ። አትክልት ላይ ሊቅ ነው። ጉዴን ነገርኩት።

«ኖ ፕሮብሌም!» አለ። «ስኖው ለተክል ብርድ ልብስ ነው። ተክል የሚሞተው ስኖው ሲለብስ ሳይሆን ራቁቱን ሲቀር ነው። አትንካው፣ ተወው።»

ከዚህ ሁሉ ምክር ጆሮዬ የገባችው አንዲት ቃል ናት፤ ብርድ ልብስ! «አትንካው፣ ተወው» የሚለው በወዲያኛው ጆሮዬ ወጣ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ከአገር ቤት የመጣን እንግዳ አንድ ስስ ብርድ ልብስ አልብሶ ማስተኛት የማን ባህል ነው? እኛ እንግዳ «በቃኝ» ሲል የምንሰማ ሰዎች ነን? «በሞቴ!» ብለን እንደግማለን፣ «አፈር ስሆን!» ብለን እንሠልሳለን። አካፋዬን አነሳሁና የመኪና መግቢያዬን፣ የድራይቭ ዌዬን፣ ስኖው አንድ ሳላስቀር ጤና አዳሙ ላይ ከመርኩት። በሞቴ! የደረጃውን ጨመርኩለት። አፈር ስሆን! ... ወገቤስ? አትጠይቁኝ። የት እንደገባ እኔም አላውቅም።

የራሴ ሲያልቅብኝ ወደ ጎረቤት ተሻገርኩ። የጋሽ ስቲቭን የእግር መንገድ ጠረግኩ። የሚቀጥለውን ጠረግኩ። ባለ አንድ ጎማ ጋሪዬን፣ ዊልባሮዬን፣ እየገፋሁ የመንገዱን ዳርና ዳር ላጨሁት። ከሥራ ስገባ ራት ከመብላቴ በፊት ዊልባሮዬን ነው የማነሳው። ፈረንጆቹ ጉድ አሉ! እኔ ስኖዋቸውን እየሰረቅኩ እነሱ በበረንዳ ላይ ያመሰግኑኛል። አንዲት አሮጊት የሙዝ ዳቦ ጋግረው መጡና «እንዳንተ ያለ ጎረቤት አይቼ አላውቅም፣ ጌታ ይባርክህ» አሉኝ። በታሪክ እጅ ከፍንጅ ተይዞ የተመረቀ ሌባ እኔ ነኝ! ዳቦውን በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ጓደኛዬ ግርማ ደግሞ ፒካፕ አለው። ሞንተሬይ ፓርክ አዲስ ቤት ገዝቶ የጠረገውን የት እንደሚደፋው ጨንቆታል። ኮል አደረገልኝ።

«ሜን፣ ስኖው ትሰበስባለህ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሰላም ነህ ግን?»

«ሙሉ አድርገህ አምጣ።»

ፒካፑን ጢም አድርጎ መጣ። ሲያራግፍ ክምሩን ቀና ብሎ አየና፣ «ይሄ ነገር ስም ያስፈልገዋል፤ ራስ ዳሸን እንበለው?» አለ። ጥሩወርቅ የሻይ ኩባያዋን ይዛ በመስኮት ታያለች። አንዳንዴ መስኮቱን ከፈት አድርጋ፣ «ጎበዝ! ደረጃው ጥግ ላይ ቀርቷል፣ እሱንም ለጤና አዳሙ!» ትለኛለች። ይቅር ብላኛለች ማለት ነው እያልኩ ልቤ ይሞቃል። የዋህነቴን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚያ ቺኑክ መጣ። ካልጋሪን ለማታውቁ፣ ቺኑክ ማለት በክረምቱ አጋማሽ ከተራራው ላይ የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ነው። ጠዋት ጆሮህን ሊቆርጥህ የነበረው አየር ከሰዓት ጃኬትህን ያስወልቅሃል። ከተማው በሙሉ በቲሸርት ወጥቶ ይስቃል፤ መኪናውን የሚያጥብም አለ። በዚህ ሁሉ ደስታ መሐል የሚያለቅስ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ራስ ዳሸን ጠብ... ጠብ... ማለት ጀመረ። ብርድ ልብሱ ሊቀልጥ ነው! ነገ ብርዱ ሲመለስ ጤና አዳሙ ራቁቱን ሊያገኘው ነው!

ሮጬ ገባሁና ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ። ጋቢ ሙቀት ይይዛል አይደል? ብርድም መያዝ አለበት ብዬ ክምሩን በጋቢ ጀቦንኩት። ጫፍ ጫፉን በጡብ እየጫንኩ ሳለ ጋሽ ስቲቭ በካናቴራ አጥሩን ተደግፎ ያየኛል። ብዙ አየኝ። ከዚያ በሐዘኔታ፣

«ስኖው በርዶት ነው?» አለኝ።

«ትንሽ አሞታል» አልኩት።

በሰላም ከርመን ግንቦት ደረሰ። የጋሽ ስቲቭ ሽንኩርት አጎነቆለ፣ የሰፈሩ ሣር አረንጓዴ ለበሰ። የኛ ጓሮ መሐል ግን ጥቁርቁር ያለ ተራራ እንደ ቆመ ነው! ሰው ውሻውን እያሸራሸረ ሲመጣ አጥሩ ጋ ቆም ይላል፤ ውሻውም ቆም ይላል። እየቀለጠ ሲሄድ ሆዱ ውስጥ የዋጠውን መትፋት ጀመረ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጓንት፣ የመኪና ጎማ ክዳን፣ ጋዜጣ፣ ጠጠር በየዓይነቱ... ውሾቹ ክረምቱን ሙሉ ያዋጡትን አልዘረዝርላችሁም፤ ምናልባት እየበላችሁ ይሆናል።

በመጨረሻ መሬቱ ታየ። ጤና አዳሙም ታየ... ቡናማ ጭራሮ ሆኖ! ስነካው እጄ ላይ ተፈረፈረ። ዙሪያው ያለው አፈር ነጭ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጋሽ ስቲቭን ጠራሁት። አጎነበሰ፣ አፈሩን በጣቱ ነካ አደረገ፣ ምላሱ ላይ አደረገውና ፊቱን አጨፈገገ።

«ስኖውን ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከእግር መንገዱ ነዋ! ያንተም አለበት።»

«እኛ እኮ መንገዱ ላይ ጨው እንበትናለን። በረዶውን እንዲያሟሟው፣ ሰው እንዳይወድቅ።»

ጨው! ገባችሁ? ክረምቱን ሙሉ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ እያልኩ ለካ ጨው እየነሰነስኩ ቋንጣ እያደረግኩት ነው! ሲበዛ ማርም ይመራል ይባላል፤ ጨው ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ግን የሚነግር ሽማግሌ አላጋጠመኝም። አንድ «አትንካው» ያለኝ ሽማግሌ ነበር፤ እሱንም አልሰማሁት።

ከሞት መሸሽ አይቻልም። ሳሎን ገብቼ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፣ ባዶ ካሴት ከተትኩ፣ ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ።

«እ... እማማ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ሁላችን ማለቴ... አንዱ ሲቀር...»

በሩ ተንኳኳ። የገቡት እትዬ ከድጃ ናቸው። እትዬ ከድጃ የወሎ ሰው፣ የሞንተሬይ ፓርክ ሐበሻ ሁሉ እናት ናቸው። አንድ ትልቅ ባልዲ በነጠላ ሸፍነው አቅፈዋል።

«ምነው አንተ ልጅ፣ ፊትህ ኩምትር ብሏል? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ጤና አዳሙ ሞተ፣ እትዬ ከድጃ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«የትኛው?» አሉ።

ቀና አልኩ። ነጠላውን ገለጡት። ባልዲው ውስጥ እንደ ዶሮ የሰባ፣ አረንጓዴ፣ ሽታው ሳሎኑን የሞላ ጤና አዳም!

«በይ ጥሩዬ፣ አደራሽን ተረከቢኝ» አሉ ወደ ኩሽና እየጮኹ። «መስኮቴን ሞልቶ ብርሃን ከለከለኝ፣ ኧረ ወላሂ!»

ጥሩወርቅ እጇን እየጠረገች ወጣች። እኔን አየችኝ። ባልዲውን አየች። ከንፈሯ ጥግ ላይ ያለችውን ነገር ክረምቱን ሙሉ በመስኮት አይቻት ነበር፤ ለካ ሳቅ ናት።

«‹ነገ› ያልከኝ ዕለት ነው ቅርንጫፍ ቆርጬ ለእትዬ ከድጃ የሰጠኋቸው» አለች። «ነገህን አላውቃትም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?! ያን ሁሉ ስኖው... ጋቢዬን... ራስ ዳሸንን...»

«ብነግርህ ድራይቭ ዌዩን ማን ይጠርገው ነበር?»

እትዬ ከድጃ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የአላህ ያለህ! ጋቢ አለበሰው ያልሽኝ እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው! ጡብ ሁሉ አስደግፎለታል!»

«ወገቡስ?»

«ወገቡማ ጤና አዳም ሳይነካው ዳነ!»

ሁለቱ እየተቀባበሉ አጥንቴን ሲግጡት ቆዩ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ምን ላድርግ? በዚህ መሐል ዓይኔ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ቀይዋ ቁልፍ እንደተጫነች ናት። ካሴቱ ይዞራል...

«እንዳትነኪው!» ብዬ ብዘል ጥሩወርቅ ቀድማኝ ካሴቱን ከነሳቃችን አወጣችው። በማግስቱ ካሴቱ በመንገደኛ ሄደ።

መልሱ የመጣው አሁን፣ መስከረም ሲጠባ ነው። አማቴ ድምፃቸው በሳቅ ይቆራረጣል፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጤና አዳሙ በፊት እኔን ጠየቁ። «ያ ሰውዬ ደህና ነው? እግዜር ልቦና ይስጠው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሥራ እንዳይፈታ ዘንድሮም አንድ ነገር ትከይለት» አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ጓሮው መሐል አንዲት እንጨት ተተክላ አገኘሁ። ወገቧ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጥሩወርቅን ጠየቅኳት።

«እማዬ የላከችው ነው፤ ብርድ አይወድም» አለችና ገባች።

እንጨቷን ዞሬ አየኋት። አሸተትኳት። በሁሉ ነገሯ የመጥረጊያ እጀታ ነው የምትመስለው። እንዲያውም የቤታችን መጥረጊያ ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየም። ግን እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ትዳፈራላችሁ? ብትበቅልስ?

ዛሬ ጠዋት ስኖው ጥሏል። ይቅርታ፣ ልሂድ፤ ጎረቤቶቼ ጨው ሳይበትኑበት ልድረስ።