በአንድ እግር አርባ አንድ እግዚኦታ

በክርስቶስ ስም ዮጋ የሚሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ካሮልተን ከተማ ውስጥ አጋጥሞኛል። የእትዬ አስካለ ልጅ ብዙነሽ ናት። እናቷ "ልጄ ሃይማኖቷን ልትለቅ ነው፤ ሂድና መልስልኝ" ብለው በሽምግልና ላኩኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ተግሣጼን እየተለማመድኩ ነድቼ ሄድኩ።

ብዙነሽ ግራንድ ፕሬሪ በሚባል ጎረቤት ከተማ፣ ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዕቃ የምታሽግ ልጅ ናት። በሩን ከፈተችልኝና ወደ ምንጣፏ ተመለሰች። በአንድ እግሯ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ አንጓ እየቆጠረች "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ትላለች።

"ይሄ ዮጋ የክርስቲያን ነው?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ጻድቁ በአንድ እግራቸው ቆመው ጸልየው የለ? ኦኬ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩት፤ አርባ አንድ ብቻ።"

አርባ አንዱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩ ሰው አይደለሁም? ጫማዬን አውልቄ አንድ እግሬን አነሳሁ። ሦስተኛው ላይ መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግኩ አሰብኩ። ሰባተኛው ላይ ሶፋው ላይ ወደቅሁ። እሷ ንቅንቅ ሳትል አርባ አንዱን ፈጸመች። እንዲህ ያለ ጸሎት በዕድሜዬ አላየሁም።

ገና ከደረጃው ሳልወርድ እናቷ ደወሉ። "መለስካት?"

"እትዬ፣ እሷስ የትም አልሄደችም" አልኳቸው። "የጠፋሁትስ እኔ ነኝ፤ ሰባተኛው ላይ።"