በጣሳ ያሳደግናቸው ዛፎች

እንግድነት ሲረዝም ሰው ምን እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ያቆማል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ያህል ነው፤ ይህንንም ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፣ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ነው። ልብሳችን ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣችን አልጋ ሥር። መጋረጃ የሰቀለ ሰው ተስፋ እንደቆረጠ ይቆጠራል። ደርግ ዛሬ ይወድቃል፣ ነገ ይወድቃል እያልን ሚስማሩን ሁሉ ለአገራችን አስቀመጥነው።

የተከራየነው ግቢ በጓሮው በኩል ፈፋ አለው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ፈፋው ከግቢያችን ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። ለአፋፉ ከሁሉ የምትቀርበው የአሰለፈች ክፍል ነበረች። አሰለፈች ልብስ ሰፊ ናት፤ ያላት ሀብት ያቺ ክፍልና አንድ የስፌት መኪና ነው።

አንድ እሑድ ከጸሎት ስንመለስ የግቢው ባለቤት ማማ ዋምቡይ ሰበሰበችን። ለየቤቱ አንዳንድ ችግኝ ይዛ መጥታለች። የጠየቀችን ከባድ ነገር አልነበረም፤ በፈፋው አፋፍ ላይ እንድንተክል፣ ሥሩም አፈሩን እንዲይዝ። የገበያ ስዋሂሊዬን አሰባስቤ ተረጎምኩ። እንደ ልማዳችን ስብሰባውን በጸሎት ከፈትኩ፤ ከዚያ እንደ ልማዳችን ስብሰባው ስለ ኢትዮጵያ ሆነ። አንዱ የባሌን ጫካ አነሳ፣ ሌላው የወሎን የተራቆተ ተራራ። አገራችን ስንገባ ባሕር ዛፍ እንትከል ወይስ ጽድ በሚለው ሁለት ሰዎች ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸው። ማማ ዋምቡይ ችግኞቿን ታቅፋ ትጠብቃለች።

«እኔ በሰው አገር ዛፍ አልተክልም» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ የግቢያችን ሽማግሌ ናቸው። «ዛፍ የተከለ ሰው እዚያው ይቀራል። ደርግ እንደሆነ እስከ ፋሲካ አይቆይም።»

«የትኛው ፋሲካ ጋሼ?» አለች አሰለፈች። «አምናም ፋሲካ ብለውን ነበር።»

ሰው ሳቀ።

«አንቺ ቀልጂ።»

«ኧረ አልቀለድኩም። የደርጉን እግዜር ያውቃል። የእኔ ክፍል ግን ዝናቡን አታልፍም።»

ኋላ ጋሽ ሙሉጌታ ራሳቸው መላውን አመጡት። «እንግዲያው በጣሳ እንትከለው። ስንሄድ ይዘነው እንሄዳለን።»

ይህን የመሰለ ብልሃት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማማ ዋምቡይም አልተቀየመች፣ እኛም እዚህ አልቀረን። አጨበጨብን፤ እኔም በሙሉ ድምፄ «አሜን» አልኩ። በየደጃፉ የዘይት ጣሳ ተደረደረ። ማማ ዋምቡይ በማግስቱ መጥታ አየችና «ዛፉን የምትወስዱት በአውቶቡስ ነው በአውሮፕላን?» ብላ ጠየቀች። መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። አሰለፈች ብቻ የራሷን ከክፍሏ ጀርባ፣ መሬት ላይ ተከለች። አንዲት ችግኝ፣ ለዚያ ሁሉ ገደል።

ትልቁ ዝናብ የመጣው እኛ ጸሎት ላይ ሳለን ነው። ስንመለስ የአሰለፈች ክፍል ፈፋው ውስጥ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋም፣ ችግኟም።

ሞምባሳ ዘመድ ነበራትና ወደዚያ ለመሄድ ተነሳች። ስትሰናበተን እያንዳንዳችንን ሳመችን፤ ክፉ ቃል አልተናገረችንም። ብትቆጣን ይሻለን ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ ከደጃፋቸው ጣሳቸውን አንስተው ዘረጉላት።

«ምን ላድርገው ጋሼ?»

«ለሚሄድ ሰው ነው ያልነው» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ተቀበለቻቸው። ጭኗ ላይ አስቀምጣው ሄደች። ማማ ዋምቡይ ለጠየቀችው መልሱ ይኸው ሆነ፤ በአውቶቡስ።

እኛ ስንት ፋሲካ እዚሁ ዋልን። የእኔ ጣሳ ታቹ ዝጎ ተበሳ፤ ችግኙም እኔን ሳያማክር ሥሩን ወደ ኬንያ አፈር ሰደደ። ዛሬ ዛፍ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ጥላው ሥር ተቀምጠው ስለሚመጣው ፋሲካ ያወራሉ። ሥሩ የእኔን ደጃፍ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። የእኔ ደጃፍ ደግሞ ከፈፋው ሩቅ ነው፤ መቼም የሚናድ አልነበረም።

ጠዋት ተነስቼ ለአገሬ እጸልያለሁ፣ ከዚያ ለአሰለፈች። ከዚያ ወጥቼ ዛፉን ውሃ አጠጣዋለሁ። አሁንማ ውሃዬን አይፈልገውም።