ትከሻዬ ሐኪም ቤት ሲሄድ

ሕልም አየሁ። በሕልሜ የትምህርት ቤታችን በር ላይ ወንበሮች ተሰልፈው ቆመዋል። ዘበኛው ጋሽ ላቀው አንዷን ወንበር ደግፈው ያዙና፣ "መምህር ገዛኸኝ፣ ይህች ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የዋለችው፤ እግሯ አብጧል። እባክዎ ትንሽ ትቀመጥብዎት" አሉኝ።

ጎንበስ አልኩላትና ተቀመጠችብኝ። ክብደቷን ልብ ብዬ መዘንኩት። ለእርማት ወደ ቤት ከምሸከመው ደብተር ትቀላለች።

"እናንተ መምህራንም ቆማችሁ ትውላላችሁ አሉ፤ እውነት ነው?" አለችኝ ወንበሯ።

"እውነት ነው።"

"ታዲያ እናንተ ማን ላይ ትቀመጣላችሁ?"

ልመልስላት ቀና ስል ሐኪም ቤት ውስጥ ነኝ። ሐኪሙ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ታማሚዎቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ዙሪያውን ቆመዋል። ሐኪሙ እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። ያነጋገረው ቀኝ ትከሻዬን ነው።

"ምንዎን ነው ያመመዎት?"

"መምህሬን" አለ ትከሻዬ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች እንዲያዩ ብለው ሰሌዳውን ከፍ አድርገው ከሰቀሉት ወዲህ። ቀን ሲጽፍ ያመኛል፤ ሌሊት ደግሞ ይተኛብኛል።"

ይህ ትክክል አልነበረም። በቀኝ ጎኔ መተኛት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ በግራም ቢሆን ሕመሙ አያስተኛኝም። ላርመው ስል ሐኪሙ በጣቱ ዝም አሰኘኝ። ደረቴን፣ አንገቴን፣ ግንባሬን ጫን ጫን እያደረገ፣ "እዚህ ጋ ሲነካ ያምዎታል?" ብሎ ትከሻዬን ጠየቀው።

"በጣም።"

"እንግዲህ ሌላ መላ የለም። መምህሩ ተቆርጦ ይወጣል።"

ደነገጥኩ። ከማስተማር ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ ያለ ትከሻዬ ደግሞ አላስተምርም። "እባክህ፣ ስንት ዓመት አብረን ጽፈናል!" አልኩት።

ትከሻዬ ወደ እኔ ዞረ። ፊት አልነበረውም፤ ቢሆንም ማዘኑ ይታወቅ ነበር።

"እኔማ መች ጠላሁህ" አለኝ። "ሰሌዳውን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ ብሎ መናገር ይህን ያህል ይከብዳል?"

በሩ ተከፈተና ሰሌዳው ራሱ ጎንበስ ብሎ ገባ። የጠመኔ ብናኝ እየረገፈበት ፊቴ ተንበረከከ።

"ይቅርታ መምህር፤ ሰቅለውኝ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም። እዚህ ጋ ይበቃል?"

ደረቴ ድረስ ወረደልኝ። ጠመኔ አነሣሁ። ክንዴ ምንም ሳያመኝ ተዘረጋ። የመጀመሪያውን ፊደል ልጽፍ ስል አንድ ሰው ጎኔን ጎሰመኝ።

የጎሰመችኝ የሒሳብ መምህርቷ እልፍነሽ ነበረች። የመምህራን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ወስዶኛል።

"ንቃ እንጂ አንተ! የሰሌዳው ጉዳይ ድምፅ ሊሰጥበት ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ስለሺ መድረኩ ላይ ቆመዋል። "ሰሌዳዎቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ይውረዱ የምትሉ እጃችሁን አውጡ። ቀኝ እጅ ብቻ! ባለፈው ሁለቱንም ያወጣ ሰው ቆጠራችንን አበላሽቶብናል።"

የእልፍነሽ እጅ ጆሮዋ ጋ ደርሶ ቀረ። እኔ ቀኝ ክርኔን በግራ እጄ ደግፌ ወደ ላይ ገፋሁት። እጄ አገጬ ጋ ደረሰ። ከዚያ አላልፍ አለ። ጥርሴን ነክሼ እንደገና ገፋሁት።

አቶ ስለሺ በመነጽራቸው አናት ላይ አዳራሹን ቃኙ።

"ደጋፊ የለም" አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈና ፈገግ አሉ። "መምህር ገዛኸኝ ገና አገጫቸውን ይዘው እያሰቡ ነው። ድምፀ ተዐቅቦ ተብሎ ይያዝልን።"